ደሚ ሎድ ላይ ጨዋ፣ አንቴና ላይ አመለኛ

ጥያቄ፦ በአይአርኤፍ510 ትራንዚስተር ለ7.1 ሜጋኸርዝ ባለ 5 ዋት አምፕሊፋየር ሠርቻለሁ፤ የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። በ50 ኦም ደሚ ሎድ (በአንቴና ፈንታ የሚገናኝ መሞከሪያ ሬዚስተር) እንከን የለውም። አንቴና ሳገናኝበት ግን ሲግናል ሳልሰጠው ጅረቱ ይጨምራል፤ ትራንዚስተሩም ይግላል። ከሰዓት በኋላ ይብስበታል። የኢምፒዳንስ ማዛመጃውን ሁለት ጊዜ ደግሜ ሠራሁት፤ ለውጥ የለም። (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ማዛመጃውን ይተዉት። የ12 ካሬ ለኃይሉ እጥፍ፣ ለ10 ሲካፈል፣ ድሬኑ (የትራንዚስተሩ መውጫ እግር) ማየት ያለበት 14.4 ኦም ነው። ይህን ወደ 50 ለማድረስ በተከታታይ 0.5 ማይክሮሄንሪ፣ በአንቴናው በኩል ወደ ግራውንድ 700 ፒኮፋራድ ይበቃል (680ም ያው ነው)። በቀዩ ቲ50-2 ኮር 10 ዙር ይሆናል። የእርስዎ ለዚህ ከቀረበ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው።

ማዛመጃ የሚያገለግለው ለአንድ ፍሪኩዌንሲ ነው። ደሚ ሎድ በየትኛውም ፍሪኩዌንሲ 50 ኦም ነው ማለት ይቻላል፤ አንቴናዎ ግን 50 የሚጠጋው በ7 ሜጋኸርዝ አካባቢ ብቻ ነው። በ500 ኪሎኸርዝ ወይም በ60 ሜጋኸርዝ ለትራንዚስተሩ ካፓሲተር ወይም ኮይል ይሆንበታል። ትራንዚስተሩ እዚያም ጌይን (የማጉላት አቅም) ስላለው፣ ከድሬን ወደ ጌት (መግቢያ እግሩ) በውስጡ የሚመለሰው ጥቂት ሲግናል ይበቃዋል፤ በራሱ ሲግናል የሚያመነጭ ኦሲሌተር ሆኖ ያርፋል። ተመራማሪው ሮሌት በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የመረጋጋት መለኪያ «ኬ» ከ1 መብለጥ ያለበት በሁሉም ፍሪኩዌንሲ የሆነው ለዚህ ነው።

ለማረጋገጥ በአንቴናው መስመር ላይ የ3 ዲቢ አቴኑዌተር (ሲግናል አዳካሚ) ያስገቡ፦ 18 ኦም በተከታታይ፣ በሁለቱም ጫፍ 300 ኦም ወደ ግራውንድ። የሽቦ ጥቅል ሬዚስተር አይሁን፤ እሱ ራሱ ኮይል ነው። ጅረቱ ከተረጋጋ በሽታው ታወቀ። መለኪያ ከሌለዎት ተራ የመካከለኛ ሞገድ ሬዲዮ አጠገቡ አስቀምጠው ጣቢያ ይፈልጉበት፤ አምፕሊፋየሩ ሲበራ የሚመጣ፣ ሲጠፋ የሚጠፋ ፉጨት ከሰሙ ኦሲሌሽኑ ዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ነው።

ዝቅተኛው ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የጌቱ ቾክ (ባያስ የሚያደርሰው ኮይል) ነው፤ ከድሬኑ ቾክ ጋር አብሮ ይርገበገባል። አውጥተው ባያሱን (ለጌቱ የሚሰጠውን ቋሚ ቮልቴጅ) በ100 ኦም ሬዚስተር ያድርሱ። ኃይል መስመሩ ላይም ከ100 ናኖፋራዱ ጎን 47 ማይክሮፋራድ ይጨምሩ። ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ላይ ከሆነ 10 ኦም ሬዚስተር በተከታታይ በጌቱ እግር ሥር ይበየድ፤ ሁለት ሳንቲሜትር እንኳ ቢርቅ ጥቅሙ ይቀንሳል። ካልበቃ ከድሬን ወደ ጌት ባለ 1 ዋት 330 ኦም ከ100 ናኖፋራድ ጋር ያገናኙ። ጌይን ይቀንሳል፤ ይቀንስ።

ከሰዓት በኋላ የሚብሰው ሞስፌት (እንደ አይአርኤፍ510 ያለ ትራንዚስተር) ሲሞቅ ጅረት ማሳለፍ የሚጀምርበት የጌት ቮልቴጅ ስለሚወርድ ነው፦ ባያሱ ሳይነካ ጅረቱም ጌይኑም ይወጣሉ። ስለዚህ ሲግናል በሌለበት የሚፈሰውን 50 ሚሊአምፔር በማለዳ ሳይሆን ሂትሲንኩ (ማቀዝቀዣ ብረቱ) ከሞቀ በኋላ ያስተካክሉ።