ኮሶን ከጽጌረዳ ምን አዛመደው?

ሰላም አንባቢዎቻችን። በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ሳይነጋገሩ አንድ ቤተሰብ ላይ ተገናኙ፤ የጽጌረዳ ቤተሰብ ላይ። እኔም የምወደው ጉዳይ ስለሆነ ገጹን በሙሉ ለእሱ ሰጠሁት። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው የምኖረው። የ11ኛ ክፍል ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ "ፖም፣ ኮክ፣ እንጆሪ፣ ኮሶም ጭምር የጽጌረዳ ቤተሰብ ናቸው" አለችኝ። ኮክ ውስጡ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለው፣ ፖም ጥቃቅን ዘር ነው ያለው፣ ኮሶ ደግሞ ጭራሽ የሚበላ ፍሬ የለውም። እንዴት አንድ ይሆናሉ? ልጄን ማመን አቃተኝ።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ልጅዎ ልክ ናት። ግን እርስዎም ያነሱት ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ቤተሰብ ሲመድቡ የኖሩ ሳይንቲስቶችም ለብዙ ዘመን የተሳሳቱት እርስዎ በሄዱበት መንገድ ነው፤ ፍሬውን እያዩ።

እስኪ ፍሬውን ትተን አበባውን እንይ። የኮክ ዛፍ ሲያብብ አንዲት አበባ ቀንጥሰው መዳፍዎ ላይ ያስቀምጧት። አምስት የአበባ ቅጠሎች አሏት። መሃሏ ላይ ጫፋቸው ቢጫ የሆነ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ተነቅለው እንዳይበተኑ የተሰፉ ይመስል ዙሪያውን ቆመዋል። አሁን ከጎን ይሰንጥቋት። ከታች ትንሽ ሲኒ የመሰለች ነገር ያገኛሉ፤ ቅጠሎቹም ክሮቹም የሚነሱት ከሲኒዋ አፍ ላይ ነው። የቤተሰቡ ምልክት እሷ ሲኒ ናት። ስዊድናዊው ሊኔየስ በ1753 ዕፅዋትን ሲመድብ እነዚህን ክሮች እየቆጠረ ነበር፤ ክሮቻቸው ሃያና ከዚያ በላይ ሆነው ሲኒዋ ላይ የተተከሉትን በአንድ ክፍል አስቀመጣቸው። በ1789 ደግሞ ፈረንሳዊው ዡስዩ ለቤተሰቡ በጽጌረዳ ስም ስያሜ ሰጠው። ዛሬ ወደ 90 የሚሆኑ ወገኖችና (ወገን የምለው በቅርብ የሚዛመዱ ዝርያዎችን ስብስብ ነው) ከ2,500 በላይ ዝርያዎች በዚህ ስም ስር ይቆጠራሉ።

ፍሬው ታዲያ ለምን እንዲህ ተለያየ? ጥያቄዎ ከደረሰኝ በኋላ ከገበያ ኮክ፣ ፖምና እንጆሪ ገዛሁ፣ ከደብረ ታቦር መንገድ ዳር የተለቀመ ቀጋም አገኘሁ፣ ሁሉንም ሳህን ላይ አድርጌ በምላጭ ሰነጠቅኋቸው። ኮክ ላይ ሲኒዋ ደርቃ ወድቃለች። ያበጠው ውስጧ የነበረው አንድ የሴቴ አካል ነው፤ የውጭው ሥጋ ሆነ፣ የውስጡ ድንጋይ ሆነ፣ እውነተኛው ዘር ድንጋዩ ውስጥ ተቀመጠ። ፖም ግን ተቃራኒውን ነው ያደረገው። ሲኒዋ ራሷ አበጠችና የሴቴውን አካል ዋጠችው። በወገቡ አግድም ቢቆርጡት መሃሉ ላይ አምስት ጫፍ ያለው ኮከብ ያያሉ፣ ዘሮቹ ያሉት እዚያ ነው፣ እኛ የምንገምጠው ሲኒዋን ነው። ቀጋም እንዲሁ የምንበላው ቀዩ ልጣጭ ሲኒዋ ናት። ውስጡ ያሉት ጠንካራ ጠንካራ ነገሮች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፍሬ ናቸው። ጸጉሩ የሚያሳክክ መሆኑን ገጠር ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ፍቆ ነው የሚበላው።

እንጆሪ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በእኛ አፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች እንጆሪ ይባላሉ። የዱሩ፣ እሾሃማው ቁጥቋጦ ላይ የሚበቅለው፣ ብዙ ጥቃቅን ኮኮች አንድ ላይ የተከመሩ ማለት ነው፤ እያንዳንዷ ጉብታ የራሷ ሥጋና የራሷ ትንሽ ድንጋይ አላት። ጁስ ቤት ያለው ቀዩ እንጆሪ ደግሞ ሲኒዋ ወለል ላይ ያለችው ጉብታ አብጣ የተፈጠረ ነው። ላዩ ላይ የምናያቸው ነጠብጣቦች ዘር ይመስላሉ እንጂ እነሱ ናቸው ፍሬዎቹ። ይህ የጁስ ቤት እንጆሪ ዕድሜው አጭር ነው። በ1714 አንድ ፈረንሳዊ ከቺሊ ይዞት የመጣው ዝርያና ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ሌላ ዝርያ በዚያው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ተዳቅለው ነው የተገኘው።

ሳይንቲስቶቹም እስከ 1990ዎቹ ድረስ ቤተሰቡን በፍሬው አራት ቦታ ከፍለውት ነበር፤ የፖም ዓይነት፣ የኮክ ዓይነት፣ የጽጌረዳ ዓይነት፣ ደረቅ ፍሬ ያለው ዓይነት። ዲኤንኤ ማንበብ ሲጀመር ክፍፍሉ አልቆመም። ሥጋ ያለው ፍሬ ከአንድ አያት የተወረሰ ሳይሆን እዚህም እዚያም ለብቻ ለብቻ የመጣ ሆኖ ተገኘ። ፍሬው ለሚበላውና ዘሩን ለሚበትነው ወፍና እንስሳ የቀረበ ግብዣ ነውና ቶሎ ይለወጣል፤ ዝምድናን ለመለየት አያስተማምንም። በ2007 የወጣው አዲሱ አመዳደብ ሦስት ቅርንጫፎች አሉት። ፖምና ኮክ ባንደኛው ቅርንጫፍ አብረው ናቸው። በሁለተኛው ጽጌረዳ፣ ቀጋ፣ ሁለቱም እንጆሪዎች እና ኮሶ አሉ። ሦስተኛው ትንሽ ነው፤ በዛ ያሉት በስራቸው ከባክቴሪያ ጋር ተባብረው ናይትሮጅን ከአየር የሚወስዱ ቁጥቋጦዎች ናቸው። ልብ ይበሉ፣ ኮክ ከጽጌረዳ ይልቅ ለፖም ይቀርባል፣ ኮሶ ደግሞ ከኮክ ይልቅ ለጽጌረዳ። ከቤተሰቡ ተቆጥሮ ኖሮ የወጣም አለ፤ ልጣጩ እንደ ሳሙና አረፋ የሚያወጣው የቺሊ ዛፍ ዲኤንኤው ሲነበብ ወደ ባቄላ ዘመዶች ጎራ ሄደ።

ወደ ኮሶ ልመለስ፤ የእኛው ነው፣ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። አበባው ነጠላ ነጠላውን ሲታይ ኢምንት ነው፣ የአበባ ቅጠሎቹም አይታዩም ማለት ይቻላል። እንደ ዘለላ ተንዠርግጎ ሲወርድ ግን ከሩቅ ያምራል። ሴቴና ወንዴ ዛፉ ለየብቻ ነው፤ ለትል መድኃኒት የሚፈለገው ቀላ የሚለው የሴቴዋ አበባ ነው። (መጠኑ ካለፈ ዓይንን የሚጎዳና የሚገድል ስለሆነ ዛሬ ሐኪም ቤት መሄዱ ይሻላል።) ዝምድናውን በዓይንዎ ለማየት ቅጠሉን ይያዙ። የጽጌረዳ ቅጠል አንድ ዘንግ ላይ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይደረደራል፣ ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው፣ ዘንጉ ከግንዱ የሚያያዝበት ቦታ ላይ ደግሞ ሁለት ክንፍ የመሰሉ ነገሮች ተለጥፈዋል። የኮሶም ቅጠል ልክ እንዲሁ ነው፣ ክንፎቹም አሉት፤ ግዙፍ የጽጌረዳ ቅጠል ማለት ነው። ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር አያገኙትም፣ ቆላማ ነው ለእሱ። ወደ ጉና ወይም ወደ ጮቄ ደጋ መውጣት ያስፈልጋል።

የሳይንስ ስሙም ከዚህ አካባቢ ጋር ታሪክ አለው። በ1770 ግሽ አባይ የደረሰው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ስለ ኮሶ ጽፎ፣ መጽሐፉ በ1790 ሲወጣ ለወዳጁ ለጆሴፍ ባንክስ መታሰቢያ "ባንክሲያ" አለው። ስሙ ግን ቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ነበር። ስለዚህ በ1791 ጀርመናዊው ግሜሊን "ሀጌኒያ አቢሲኒካ" ብሎ ቀየረው። በዚህ ስም ከኮሶ ሌላ ምንም ዝርያ የለም፤ ለብቻው አንድ ወገን ነው።

ጥያቄ፦ አባይ ማዶ ግቢዬ ውስጥ ድርብ ቀይ ጽጌረዳ ተክዬ ነበር። ሁለት ዓመት ደህና አበበች። አሁን ከስሯ ረዣዥም ቅርንጫፍ ወጥቶ ነጠላ፣ ባለ አምስት ቅጠል ነጭ አበባ ብቻ ነው የሚያወጣው። ዘሯ ተበላሸ?

መልስ፦ አልተበላሸችም ወንድሜ። የገዛሃት ጽጌረዳ አንድ ተክል አልነበረችም፣ ሁለት ነበረች። ችግኝ የሚያፈሉ ሰዎች ጠንካራ የዱር ዓይነት ጽጌረዳ ስር ላይ የቀይዋን ቡቃያ ይለጥፋሉ፣ ግራፍት የሚሉት። አሁን ስሩ የራሱን ልጅ አወጣ፣ ጉልበተኛ ስለሆነ ቀይዋን ውሃና ምግብ ይሻማታል። በመቀስ ከላይ አትቁረጠው፣ ይብስበታል። አፈሩን ገለጥ አድርገህ ቅርንጫፉ ከስሩ የወጣበትን ቦታ ፈልግና ከዚያው ገንጥለህ አውጣው።

ከመጣልህ በፊት ግን ያንን ነጠላ አበባ ደህና አድርገህ እየው። ጽጌረዳ በተፈጥሮዋ ያች ናት፣ አምስት ቅጠል። ድርቧ የሰው ምርጫ ናት። ሰው ለዘመናት ብዙ ቅጠል ያላትን እየመረጠ ሲያራባ፣ ወንዴ ክሮቹ ወደ አበባ ቅጠልነት ተቀየሩ። ማረጋገጫው እጅህ ላይ ነው፤ ከቀይዋ አንድ አበባ ወስደህ ከውጭ ወደ ውስጥ አንድ በአንድ ላጣት። መሃል አካባቢ ስትደርስ ጠባብ፣ የተጣመመ ቅጠል ታገኛለህ፤ ጠርዙ ላይ ቢጫ የብናኝ ከረጢት ለጥፎ የቀረ፣ ግማሹ ክር ግማሹ ቅጠል የሆነ። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን ሰው ሁሉ ጠርቼ አሳይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ከሐሙሲት ነው። አጥራችን ቀጋ ነው፣ ድርቅም በግም አይበግረውም። ፖምና ቀጋ አንድ ቤተሰብ ከሆኑ ፖም ቀጋው ላይ ግራፍት ባደርግ ይይዛል?

መልስ፦ ሐሳብህ ጥሩ ነበር፣ ግን አይይዝም። ግራፍት የሚሠራው በቅርብ ዘመዶች መካከል ነው። ፖም የራሱ ጠባብ ጎጆ አለው፤ ለምሳሌ ፒር ክዊንስ በሚባለው የፖም ዘመድ ስር ላይ ይይዛል፣ ያው አንድ ጎጆ ስለሆኑ። ቀጋ ያለው ሌላ ቅርንጫፍ ላይ ነው።

ምን ያህል እንደራቁ ክሮሞዞማቸውን (ዘረመላቸውን የተሸከሙትን የሴል ክፍሎች) በመቁጠር ይገባሃል። የጽጌረዳ መሠረታዊ ቁጥር 7 ነው፣ የኮክ 8፣ የፖምና የፒር ግን 17። ይህ 17 ከየት መጣ? አንዳንዶች 8 ያለውና 9 ያለው ተዳቅለው ነው ይሉ ነበር፣ ድምሩ ይገጥማላ። በ2010 የፖም ዘረመል ሙሉ በሙሉ ሲነበብ ነገሩ ሌላ ሆነ። 9 ክሮሞዞም የነበረው አንድ አያት ራሱን በሙሉ እጥፍ አድርጎ 18 ሆነ፣ ከዚያ አንዱ ጠፍቶ 17 ቀረ። ይህ የሆነው ከ50 ሚሊዮን ዓመት በፊት ነው። የፖም ጎጆ ቅርብ ዘመድ ሆኖ የተገኘውም ዛፍ አይደለም፤ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሚበቅል፣ ደረቅ ፍሬ ያለው፣ እስከዛሬ 9 ክሮሞዞሙን እንደያዘ የቀረ ትንሽ ተክል ነው። ፍሬውን ብቻ ብናይ ማን ይገምት ነበር!

ደግሞ ፖም ብርድ ይፈልጋል፤ እንቅልፉን ጠግቦ ካልተኛ አያብብም። ደቡብ ላይ ጨንቻ የሚሆነው ደጋ ስለሆነ ነው። ወደ ሐይቁ በቀረብክ ቁጥር ከባድ ነው፣ መሞከርህ ካልቀረ እንደ "አና" ያለ ትንሽ ብርድ የሚበቃው ዓይነት ፈልግ። ቀጋህን ግን አትንቀለው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ነጭ አበባው ይሸታል፣ ንብ ይወደዋል፣ ፍሬውም ቫይታሚን ሲ አለው።

ጥያቄ፦ ዘጌ ነው ያደግሁት። ጌሾም የጽጌረዳ ዘመድ ነው ሲባል ሰማሁ። ጥቁር እንጨትስ?

መልስ፦ ጌሾ ቤተሰቡ ሌላ ነው፣ ከቁርቁራ ጋር ነው። ግን ከቤተሰብ በላይ ባለው ክፍል ጎረቤት ናቸው። በ1998 በዲኤንኤ ላይ ተመሥርቶ በወጣው የአበባ ተክሎች አመዳደብ ዋርካ፣ ሾላ፣ ሳማና ጌሾ ከጽጌረዳ ጋር በአንድ ክፍለ መደብ ገቡ። ድሮ ሳማና ዋርካ ለብቻቸው፣ ጌሾም ለብቻው ነበሩ።

ጥቁር እንጨት ግን የቤተሰቡ አባል ነው፣ ያውም የኮክና የፕሪም የቅርብ ዘመድ። ደን ውስጥ ስታገኘው አንድ ቅጠል ጨፍልቀህ አሽትተው፣ መራራ ለውዝ ይሸታል። ለውዝ ስል ቆልተን የምንበላውን አይደለም፣ ያ የባቄላ ዘመድ ነው፤ የአሮን በትር ያፈራችውን የመጽሐፍ ቅዱሱን ለውዝ ነው፣ እሱም ከኮክ ጋር አንድ ወገን ነው። ሽታው ከመርዝ ጋር አብሮ የሚወጣ ነው፤ ለዚህ ነው ከኮክ ድንጋይ ውስጥ የሚወጣውን መራራ ዘር ልጆች እንዳይበሉ የሚባለው። የጥቁር እንጨት ልጣጭ አውሮፓ ውስጥ ለፕሮስቴት መድኃኒት ይውላል። ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ስለሚደርቅም ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ በቁጥጥር ስር ነው። ስለዚህ ቅጠሉን አሽትተህ፣ ግንዱን ሳትነካ ተመለስ።