ኮለኑ ለምን ተገፋ? የዲዛይን ምክንያትን ስለመያዝ ለጠየቃችሁኝ

ቢሮዬ አራት ኪሎ ነው፤ ሥራዬ የስትራክቸር ዲዛይን። ሰሞኑን ጥያቄ ስለበዛብኝ ባንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ድሮዊንግ (የሕንፃው ንድፍ) እያለ የውሳኔውን ምክንያት ለብቻ መጻፍ ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ድሮዊንግ ምን እንደሚሠራ ይነግርሃል። ለምን እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። አንድ ሥራችን ላይ የቤዝመንት ኮለን (ምሰሶ) ከተሰለፈበት መስመር 40 ሳንቲ ተገፍቶ ነበር። አዲስ የመጣ ልጅ ስህተት መስሎት ወደ ቦታው መለሰው። ሲቆፈር አሮጌ የፍሳሽ ቱቦ ብቅ አለ! ኮለኑን የገፋው ሰው ያውቅ ነበር፤ ግን ሥራ ለቋል። ድሮዊንጉ ላይ ለውጥ በሚመዘገብበት ሪቪዥን ሳጥን ውስጥ የጻፈው "ተስተካክሏል" ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ አይቢስ የሚሉት ሶፍትዌር ምንድን ነው?

መልስ፦ ሲጀመር ሶፍትዌር ሳይሆን ዘዴ ነው። ቨርነር ኩንዝና ሆርስት ሪተል በ1970 እ.ኤ.አ. ያወጡት። ጥያቄውን ትጽፊያለሽ፤ ከሥሩ አማራጮቹን፤ ከእያንዳንዱ አማራጭ ሥር የሚደግፈውንና የሚቃወመውን። የኛን ኮለን ብንወስድ፦

ኮለኑ የት ይቁም?
አንድ፦ መስመሩ ላይ። ተቃውሞ፦ ቱቦ አለ።
ሁለት፦ 40 ሳንቲ ገፍተን። ተቃውሞ፦ ባንድ በኩል ቢሙ (ኮለኖቹን የሚያገናኘው አግዳሚ) ይረዝማል። ድጋፍ፦ ቱቦው አይነካም።
ውሳኔ፦ ሁለት።

አለቀ። ኋላ ላይ ይህንኑ በኮምፒውተር የሚስሉ መሣሪያዎች መጡ። ከነሱ አንዱ፣ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ድሬድ የሚባለው፣ ሮልስ ሮይስ መሐንዲሶች እጅ ገብቷል፤ የአውሮፕላን ሞተር የሚሠሩት ማለቴ ነው።

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለ መሣሪያ በነጻ የሚገኝ አለ? ኢንተርኔት ሲጠፋስ?

መልስ፦ ፍሪፕሌን እና ሲማፕ ቱልስ። ሁለቱም ላፕቶፕህ ላይ ተጭነው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ፍሪፕሌን እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ለጀማሪ እሱ ይቀላል። ሲማፕ ላይ በሁለት ሐሳቦች መካከል ባለው መስመር ላይ ቃል ትጽፋለህ፤ "ያስከትላል"፣ "ይከለክላል" እያልክ። አንዱ ምክንያት አምስት ቦታ ሲነካ እሱን እመርጣለሁ። አማርኛም ይጻፍባቸዋል። ፊደሉ ካሬ ካሬ ከሆነብህ ፎንት ቀይር።

ጥያቄ፦ ውሳኔው ሁሉ ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ አለ እኮ?

መልስ፦ አለ፤ በ"እንዴት አደራችሁ" ስቲከርና በሲሚንቶ ዋጋ መሃል። እስቲ የአምናውን ፈልጊና አግኚው።

ጥያቄ፦ አለቃዬ "ለዚህ ጊዜ የለንም" ይላሉ።

መልስ፦ አይከራከሩ። ስብሰባው ላይ እያሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጻፉ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከወር በኋላ የሚጻፍ ምክንያት ሰበብ ነው የሚሆነው።

ጥያቄ፦ በወረቀትስ አይሆንም?

መልስ፦ ይሆናል። የመጀመሪያዬን የሣልኩት ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣሁ በደረሰኝ ጀርባ ላይ ነው። ደረሰኙ ግን የት እንደገባ እንጃ።