ሮኬቴ ገና ከሬይሉ ሲወጣ ለምን ይጋደማል?

ከሜሪላንድ አንዲት ተማሪ የሲሙሌሽን ፋይሏን ልካ እንዲህ ትላለች፦ «ለመጀመሪያ ደረጃ የትልልቅ ሮኬት መተኮሻ ፈቃድ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ 1 ሜትር ከ60 ርዝመት ያለው ሮኬት ሠራሁ። ኦፕን ሮኬት የሚባለው የሲሙሌሽን ፕሮግራም ላይ መረጋጋቱ 2 ካሊበር ነው ይለኛል። በሰከንድ 5 ሜትር ነፋስ ሳስገባ ግን ሲነሣ ቀጥ አድርጎ ከሚመራው ሐዲድ፣ ከሬይሉ፣ እንደወጣ ወደ ነፋሱ ይጋደማል፤ ማስጠንቀቂያም ይመጣል። ክንፎቹን ላሳድጋቸው?»

ክንፎቹን ለጊዜው ተያቸው። አንዴ በኢፖክሲ የተጣበቀ ክንፍ መንቀል ምን ያህል እንደሚያስለቅስ እኔ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሚዛን ፈልጊ።

ፋይልሽን ከፍቼ አየሁት። ፕሮግራሙ 2 ካሊበር የሚልሽ ንድፉን ያለ ሞተር ስላየሽው ነው። የክብደት ማዕከሉ ከአፍንጫው ጫፍ 95 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው፤ የግፊት ማዕከሉ፣ ማለትም የአየሩ ግፊት ተጠቃሎ የሚያርፍበት ነጥብ፣ 115 ላይ። ልዩነቱ 20 ነው፤ ለ10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲካፈል 2 ይሆናል፤ ካሊበር የሚባለው ይኸው ነው። አሁን 600 ግራም ሞተርሽን ከኋላ ክተቺበት። የክብደት ማዕከሉ ወደ 105 ይሸሻል፤ የቀረሽ 1 ካሊበር ብቻ ነው። ጦር ብረቱ ከፊት ስለሆነ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጭራው ላይ ድንጋይ ብታስሪበት ምን እንደሚሆን አስቢው።

ዋናው ጉድ ግን ፋይሉ ውስጥ የለም። ፕሮግራሙ ያለ ሞተር 2,400 ግራም ይላል፤ አንቺ ደግሞ «ሚዛን ላይ 2,700 ወጣ» ብለሻል። 300 ግራሙ የት ገባ? የላክሽው ፎቶ ላይ በክንፎቹ ሥር ያለው ኢፖክሲ አውራ ጣት ያህላል! ፕሮግራሙ ካልነገርሽው ይህን አያውቅም። ያ ሁሉ ክብደት ጭራው አካባቢ፣ 140 ላይ ነው ብለን ብናስብ፣ ከነሞተሩ የክብደት ማዕከሉ 108 ላይ ይደርሳል። ካሊበሩ 0.7 ገደማ ሆነ ማለት ነው። ፕሮግራሙ ላይ በ1 ካሊበር ከተጋደመ፣ እውነተኛው ቢብስ አይግረምሽ።

ስለዚህ ግምቴን ትተሽ ራስሽ ለኪው። ፓራሹቱን፣ ገመዱን፣ ኤሌክትሮኒክሱን ሁሉ እንደሚበርበት ቀን አድርገሽ ክተቺ፤ ሞተሩን ግን አውጪው። በገመድ ቋጠሮ አንጠልጥለሽ አግድም እስኪቆም ድረስ ገመዱን ወዲህ ወዲያ አንቀሳቅሺ፤ ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጊ። ክብደቱንና ማዕከሉን በፕሮግራሙ ስሌት ቦታ ተኪ። እኔ አንድ ጊዜ ከነሞተሩ መዝኜ አስገባሁት። ፕሮግራሙ ሞተሩን ራሱ ደገመልኝ፤ ሁለት ምሽት «ምን ነካው?» እያልኩ ቁጭ አልኩ።

መፍትሔው አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር ነው። ከጫፉ 15 ሳንቲ ሜትር ላይ 120 ግራም ብትጨምሪ 1 ካሊበር ይመለስልሻል፤ 320 ግራም ብትጨምሪ 1.5። እኔ ብሆን 320ውን እመርጣለሁ። የእርሳስ ብረት (ሊድ) ፍንጣሪ ከኢፖክሲ ጋር ቀላቅለሽ ጨምሪ፤ ጓንት አድርጊ። ታዲያ ሁሉንም በአንዴ አትገልብጪው! ብዙ ኢፖክሲ በአንድ ላይ ሲደርቅ ይግላል፤ የፕላስቲክ አፍንጫ ያጣምማል። አፍንጫውን ቀዝቃዛ ውኃ ያለበት ባልዲ ውስጥ አቁመሽ በትንሽ በትንሹ አፍስሽ። ከዚያ በላይ ክብደት አትጨምሪ፤ ከልክ በላይ የተረጋጋ ሮኬትም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ ይነዳል።

ቀሪው የፍጥነት ጉዳይ ነው። ፕሮግራሙ ላይ የሬይሉን ርዝመት 1 ሜትር እንዳለ ትተሽዋል። የምትተኩሺበትን ክለብ ጠይቂ፤ 2.4 ሜትር የተለመደ ነው። ግን ሙሉውን አትቁጠሪ፤ ሮኬቱን ከሬይሉ ጋር የሚይዘው የላይኛው ማያያዣ ከወጣ ሮኬቱ መዞር ይችላል። ያንቺ ማያያዣ ከጭራው 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ስለሆነ የሚጠቅምሽ 1.7 ሜትር ነው። አማካይ ግፊቱ 200 ኒውተን የሆነው ሞተርሽ 3.6 ኪሎውን ሮኬት እዚያ ላይ በሰከንድ 12 ሜትር ገደማ ያደርሰዋል። ከጎን 5 ሜትር ነፋስ ሲመታው አየሩን የሚቀበልበት አንግል 22 ዲግሪ ይሆናል። በዚህ አንግል የሮኬቱ ገላ ራሱ አየር ስለሚይዝ የግፊት ማዕከሉን ወደፊት ይስበዋል። የመረጋጋቱ ግራፍ ልክ ከሬይሉ መውጫ ላይ ሰመጥ የሚለው ለዚህ ነው። 280 ኒውተን ሞተር ብትወስጂ ፍጥነቱ 15 ሜትር ይደርሳል፤ ነፋሱ 3 ሲሆን አንግሉ 11 ዲግሪ ብቻ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሮኬት ማኅበር የደኅንነት ደንብ እስከ 32 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነፋስ ይፈቅዳል፤ ያ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሮኬት ግን ነፋሱ 5 ሜትር በሆነበት ቀንም አልተኩሰውም።

እነዚህን ካስተካከልሽ በኋላ የመጀመሪያውን አንድ ሰከንድ ብቻ ግራፍ አድርጊና መረጋጋቱን ከፍጥነቱ ጋር አስተያዪ። ማስጠንቀቂያው አሁንም ከመጣ ሰዓቱን እዪ። ከሬይሉ መውጫ ላይ ከሆነ ወደ ሚዛኑ ተመለሺ። ከፍታው ጫፍ ላይ ከሆነ ግን እለፊው፤ እዚያ ሮኬቱ ፍጥነት ስለሌለው ትንሽ ሽውታም ትልቅ አንግል ይሆንበታል።