መልስ፦ «ሥዕሌ ከአምናው ብሶበታል፣ መምህሬም በሰው ፊት ያሳቅቀኛል፤ ሥዕል መሣሉን ልተወው?» ብለህ ሥዕልህን ለለጠፍከው

አትተወው ወንድሜ። ሥዕልህ አልባሰበትም፤ ዓይንህ ነው እጅህን የቀደመው። አምና ጉድለቱን መች ታየው ነበር? እኔም ተማሪ ነኝ፤ ከእርሳስ ወደ ከሰል ስንሸጋገር እጄም ወረቀቱም ጠቁሮ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ጥላና ብርሃን መለየት የጀመርኩት ግን ያኔ ነው።

የለጠፍከው ፊት ላይ ግንባሩ አጥሯል። ዓይን የሚቀመጠው ከአናት እስከ አገጭ ባለው ቁመት መሃል ገደማ ነው፤ ጀማሪ ሁሉ ወደ ላይ ይሰቅለዋል። ክንድህን ዘርግተህ በእርሳሱ ለካ፣ ከዚያ ጫር። ላጲስ አታብዛ።

ሲሰለችህ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ገብተህ ሥዕሎቹን ቀረብ ብለህ እይ። ካልሆነም ፒያሳ የታክሲ ሰልፍ ንደፍ፤ ሰልፉ እንደሆነ አይቸኩልም! መምህርህ በሰው ፊት ማሳቀቁን ግን ለብቻው ንገረው።