ፊት የሌለው ሰው

ጥያቄ፦ ፒያሳ አካባቢ በተዘጋጀ የሥዕል ዐውደ ርእይ ላይ ያየሁት አንድ ሥዕል ከሐሳቤ አልወጣ ብሏል። በግራጫ መደብ ላይ የቆመ ሰው ነው፤ ዓይንም አፍም የለውም፤ አንገቱ ረዝሞ ተደፍቷል፤ ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች በሰማያዊ ቀለም ውስጥ ይጠፋል። ርእስ አልተሰጠውም። ጓደኛዬ «ስደተኛ ነው» ስትል፣ ወንድሜ ግን «ሠዓሊው ሰው መሣል አይችልም» ብሎ ደመደመ። ትክክለኛ ፍቺው የቱ ነው?

መልስ፦ ከወንድምዎ አስተያየት እንጀምር፤ ብዙ ተመልካች ሳይናገረው በልቡ ይዞት የሚወጣው ይህንኑ ነውና። ሰውን ከሚታየው መልኩ አርቆ መሣል ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀደመው የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ፊት ለፊት፣ ሁለት ዓይኖቻቸው ጎልተው ሲታዩ፣ ኃጥአንና አጋንንት አብዛኛውን ጊዜ በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ይሣላሉ፤ ሠዓሊው በዓይኖቹ ቁጥር የሰውየውን ማንነት ይነግረናል፣ ምእመኑም ያለ አስረጂ ያነበዋል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከጀርመን ኮሎኝ ተምሮ የተመለሰው ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታም በ«ጎልጎታ» ሥዕሉ የስቅለቱን ሕማም በይበልጥ ያሸከመው ለቀዩ ቀለም ነው።

እርስዎ ባዩት ሥዕል ፊቱ ዝም ስላለ የሚናገረው አቋሙ ነው። «አንገቱን ደፋ» የምንለው ላዘነም፣ ላፈረም፣ ለጸለየም ሰው ስለሆነ አንገቱ ብቻውን አይበቃም፤ ትከሻው ወርዶ እንደሆነ፣ እግሮቹ መሬት ረግጠው ወይስ ተንሳፍፈው እንደሆነ ተመልሰው ይዩ። ከሁሉ በላይ ግን እጁ የሚጠፋበትን ቦታ ቀርበው፣ ከጎን በኩል ይመርምሩት። ሰማያዊው በእጁ ላይ የተደረበ ከሆነና ከሥሩ የጣቶች ቅርጽ ጎርበጥ ብሎ ከታየ፣ ሠዓሊው እጁን ከሣለ በኋላ ሸፍኖታል፤ ያ ሰው የነበረውን ያጣ ሰው ነው። ሰማያዊው አስቀድሞ ተቀብቶ እጁ እዚያ ሲደርስ የቆመ ከሆነ ግን ገና በመሠራት ላይ ያለ ሰው ብለን ልናነበው እንችላለን።

የጓደኛዎ ንባብ በመጀመሪያው ሁኔታ ያስኬዳል፤ ሆኖም መንገድም ጓዝም በሌለበት ሸራ ላይ ከ«ስደተኛ» ይልቅ «የተነጠቀ ሰው» ማለት ለሥዕሉ ይበልጥ የታመነ ይመስለኛል። አንድ ብቸኛ ፍቺ የለም ሲባል ሁሉም ፍቺ እኩል ነው ማለት አይደለም፤ ከሸራው ላይ ማስረጃ የማይቀርብለት ፍቺ የሥዕሉ ፍቺ ሊባል አይችልም።

ወንድምዎን ግን አስቀድመው ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ወደሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ይውሰዱት። በጥንታዊዎቹ ሥዕሎች ፊት ቆሞ ዓይኖቹን ከቆጠረ በኋላ፣ ዐውደ ርእዩ ሳይዘጋ ወደ ፒያሳ ተመልሳችሁ ይህን ሰው እንደገና አብራችሁ እዩት።