ማብሪያውን የሚያግለው የፓውዛው መስመር ነው

በመኪናህ ፖርቶ መጋላ (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ የሰቀልካቸውን ሁለት ፓውዛዎች ከራዲዮው መስመር ቀጥለህ ስታበራቸው ማብሪያው ለምን እንደሚግልና ፊውዙ ለምን እንደሚቃጠል ጠይቀሃል። ምክንያቱ የፓውዛዎቹ ኃይል በሙሉ በማብሪያውና በፊውዙ ማለፉ ነው። ሁለቱም 100 ዋት ናቸው ብለሃል፤ 200 ዋት ለ12 ቮልት ሲካፈል 17 አምፔር ገደማ ይሆናል። ከራዲዮው መስመር የተቀጠለ ገመድ ይህን አይሸከምም። ትልቅ ፊውዝ ማስገባት ደግሞ በፊውዙ ፋንታ ገመዱ እንዲቃጠል መፍቀድ ነው፤ እባክህ አታድርገው።

ባለ 30 አምፔር ሪሌ ግዛ፤ ሪሌ ከማብሪያው በሚመጣ ትንሽ ኃይል ትልቁን መስመር የሚያበራና የሚያጠፋ ዕቃ ነው። ከታች ያሉት 30፣ 87፣ 86 እና 85 የሪሌው እግሮች ቁጥሮች ናቸው።

1. ከባትሪው ፖዘቲቭ ወደ ሪሌው እግር 30 ባለ 4 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ ዘርጋ። ባለ 25 አምፔር ፊውዝ እዚያው ባትሪው አጠገብ ይግባ።
2. ከ87 ወደ ፓውዛዎቹ ውሰድ።
3. 86ን ከማብሪያው፣ 85ን ከመኪናው አካል ጋር አገናኝ።

የፓውዛዎቹን ኔጌቲቭ ከፖርቶ መጋላው ብሎን ጋር አታስር፤ ቀለሙና ዝገቱ ያደክመዋል። የራሱን ገመድ እስከ ባትሪው አውርድለት።

አንድ ነገር ልጨምር። በድሬዳዋ ፀሐይ ጣሪያ ላይ የተጋለጠ ገመድ ልባሱ ቶሎ ይሰነጠቃል፤ ብዙ ጊዜ ያየሁት ብልሽትም ይኸው ነው። ሙቀት በሚችል ቱቦ ሸፍነው። ቆርቆሮ በስተህ የምታሳልፈው ከሆነ ቀዳዳው የጎማ ቀለበት ይኑረው፤ አለበለዚያ የደንገጎን ዳገት ስትወጣ ንዝረቱ ገመዱን እንደ ቢላ ይቆርጠዋል።