ሲቲዝንሺፕ፦ ቀኑ የሚቆጠረው ከየት ነው?

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ዜግነት ብዙ ጥያቄ ደርሶኛል። ሁሉም ጋ "ስንት ጊዜ ይፈጃል?" የሚል አለ። እኔን ግን ከወረፋው ይልቅ የሚያሳስበኝ የቀን ቆጠራው ነው፤ ለዜግነት ለማመልከት ብዙውን ጊዜ በግሪን ካርድ አምስት ዓመት መኖር ያስፈልጋልና። ሰው የሚሰናከለው እዚያ ላይ ነው።

ጥገኝነት አግኝቼ ነው ግሪን ካርድ ያወጣሁት። ካርዱ ከጸደቀልኝ አራት ዓመት ሊሞላ ነው። አምስት እስኪሞላ ልጠብቅ? (ከዳላስ)

ካርድህን አውጣና ነዋሪነትህ የጀመረበትን ቀን እይ። ጥገኝነት ላገኘ ሰው ያ ቀን ግሪን ካርዱ ከጸደቀበት ዕለት አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ነው የሚጻፍለት። ስለዚህ አምስት ዓመትህ ደርሷል ማለት ይቻላል። ኤን-400 የሚባለውን የዜግነት ማመልከቻ ደግሞ አምስት ዓመቱ ሊሞላ 90 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ማስገባት ይፈቀዳል። ከዚያ በአንድ ቀን እንኳ አትቅደም፤ ውድቅ ያደርጉብሃል።

እናቴን ላስታምም አዲስ አበባ ሰባት ወር ቆየሁ። ሪኢንትሪ ፐርሚት (ውጭ ረዘም ላለ ጊዜ ለሚቆይ ግሪን ካርድ ያዥ የሚሰጥ የመመለሻ ፈቃድ) ነበረኝ። ችግር አለው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ችግሩስ አለ። ሪኢንትሪ ፐርሚት የሚያድነው ግሪን ካርዱን እንጂ ቆጠራውን አይደለም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። በአንድ ጉዞ ከስድስት ወር በላይ ውጭ ከቆየሽ "ኑሮዋን አቋርጣለች" ተብሎ ይገመታል። እንዳላቋረጥሽ ማሳየት ያንቺ ሥራ ነው። የቤት ኪራይ ውል፣ የታክስ ወረቀት፣ ሥራሽን እንዳልለቀቅሽ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ባልሽና ልጆችሽ እዚሁ እንደነበሩ የሚያሳይ ነገር ሰብስቢ። የእናትሽ የሐኪም ወረቀትም ከነትርጉሙ ይግባ። ዓመት ሞልቶሽ ቢሆን ኖሮ ግን ቆጠራው ራሱ ይሰበር ነበር።

ሌላም ስሌት አለ። ከአምስቱ ዓመት ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል አሜሪካ መገኘት ግድ ነው። ፓስፖርትሽን ዘርግተሽ መውጫና መግቢያሽን አንድ በአንድ ጻፊ። "በግምት" የሚባል ነገር ኢንተርቪው ላይ ያስቀጣል።

ቀን ካነሳን አይቀር፣ የኛን አቆጣጠር ስትቀይሩ ተጠንቀቁ። መስከረም 1 ቀን 1980 በፈረንጅ ሴፕቴምበር 12፣ 1987 ነው። 11 ብሎ የሚሞላ አይጠፋም። ከዚያ የልደት ወረቀቱ ሌላ፣ ፎርሙ ሌላ ይሆናል።

እናቴ 61 ዓመታቸው ነው። ግሪን ካርድ ከያዙ 16 ዓመት አለፋቸው። እንግሊዝኛ አይሞክሩም። (ከሲያትል)

አይጨነቁ። ዕድሜው 55 ሆኖ 15 ዓመት በግሪን ካርድ የኖረ ሰው የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርለታል። 50 ዓመት ሆኖት 20 ዓመት የኖረም እንዲሁ። የታሪክና የመንግሥት ጥያቄው ግን አይቀርላቸውም፤ አስተርጓሚ ይዘው በአማርኛ ይመልሳሉ። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ወዲህ ላመለከተ የጥያቄው ዝርዝር 128 ነው። እስከ 20 ይጠየቃሉ፣ 12 መመለስ አለባቸው። ከወደቁም አንድ ዕድል ይሰጣቸዋል። በስልክ ቀድተው ይስጧቸው፤ ቡና እያፈሉ ይሰሙታል።

ኢንተርቪው ካለፍኩ ሦስት ወር ሆነኝ። መሐላ የለም፣ ደብዳቤ የለም። (ከአትላንታ)

የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ውሳኔ ለመስጠት ከኢንተርቪው በኋላ 120 ቀን አላቸው። ካለፈ ፌዴራል ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል፤ እሱን ግን ከጠበቃ ጋር ተማከርበት። ድረ ገጻቸው ላይ የምታየው የወራት ቁጥር 80 በመቶው ጉዳይ ያለቀበት ጊዜ ነው፤ ላንተ የተሰጠ ቀጠሮ አይደለም። እስከዚያው ቃለ መሐላ አልፈጸምክምና ዜጋ አይደለህም። ድምፅ ለመስጠት እንዳትመዘገብ፣ አደራ!

ልጄ 14 ዓመቷ ነው። ለብቻዋ ላመልክትላት? (ከዴንቨር)

አያስፈልግም። ግሪን ካርድ ካላት፣ ከአንቺ ጋር የምትኖርና አሳዳጊዋም አንቺ ከሆንሽ፣ 18 ሳይሞላት አንቺ ስትምዪ እሷም ዜጋ ትሆናለች። ፓስፖርቷን ብቻ አውጪላት።

የኢትዮጵያ ዜግነቴስ? (ብዙዎች)

በኛ አቆጣጠር በ1996ቱ የዜግነት አዋጅ መሠረት የሌላ አገር ዜግነት በፈቃዱ የወሰደ ሰው የኢትዮጵያውን ያጣል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የለም። የሚቀርላችሁ ቢጫ ካርዱ፣ ማለትም ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጠው መታወቂያ ነው። ያለ ቪዛ ትገባላችሁ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ትሠራላችሁ፤ መምረጥና መመረጥ ግን አትችሉም።